የጋሽ መኮንን ግድብና የእኔ መሐንዲስነት

መሐንዲስ የሆንኩት በጉርሻ ነው። ሌላው ሰው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ፣ ዓይኑን አሳምሞ የሚያገኘውን ማዕረግ እኔ ያገኘሁት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ፣ ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ቶሮንቶ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ነበር። ማንንም ስለማላውቅ አንድ ደግ ሰው ከጠረጴዛቸው አስቀመጠኝና «አገር ቤት ሥራህ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የውሃ መሥሪያ ቤት ነበርኩ» አልኩት። ይህ እውነት ነው። «ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አካፋና ገመድ እያስፈረምኩ አወጣ ነበር» ብዬ ልጨምርበት አፌን ስከፍት፣ ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ አስካለ የተከፈተው ለሳቸው መስሏቸው ቡጢ የሚያክል ጉርሻ ከተቱበት።

«ኢንጂነር ነሃ!» አለ ደጉ ሰው።

ጉርሻው ሚጥሚጣ ነበረበት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ለመዋጥ ስታገል አንገቴ ወደ ላይና ወደ ታች ተነቃነቀ። ውጬ እስክጨርስ ወሬው ሦስት ጠረጴዛ አልፎ ሄዷል፤ አንዱ ከጥግ ተነሥቶ መጥቶ «እንኳን ደህና መጣህ ኢንጂነር» እያለ እጄን ይጨብጠኛል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? «የለም፣ እኔ አካፋ ቆጣሪ ነኝ» ትሉ ነበር? አትሉም። እኔም አላልኩም።

ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም። የእኛ ሰው ማዕረግ የሚያድገው አውሮፕላን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሃምሳ አለቃ ሆኖ የተሳፈረው ቶሮንቶ ሲደርስ ኮሎኔል ሆኖ ይወርዳል። መርፌ ይወጋ የነበረው ዶክተር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ይሸከም የነበረው ዳኛ ይሆናል። ኮሎኔሉ ፒዛ ያመላልሳል፣ ዳኛው ታክሲ ይነዳል፤ እሁድ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላምታ ስንሰጣጥ የሚሰማን ሰው የሚኒስትሮች ስብሰባ አሁን የተበተነ ይመስለዋል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ የጠየቀ መልሶ መጠየቁ አይቀርማ።

እኔም ከሰኞ እስከ ዓርብ መሐል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ አንድ ሰው ከነካፖርቱ በማያስቀምጥ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሆኜ ትኬት እቆርጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ መሐንዲስ ነኝ። የሠርግ ጥሪ ሲመጣልኝ ፖስታው ላይ «ኢንጂነር» የሚል አለበት። የሰው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እጠራለሁ፤ ሄጄ ቧንቧውን በቁም ነገር አየውና «የሕንጻውን ጠባቂ ኮል አድርጉለት» ብዬ፣ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። ምክርህ ስህተት ነበር ያለኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ይሆናል ልቤ ያበጠው።

በዚህ መሐል ጋሽ መኮንን ሐይቅ ገዙ።

ጋሽ መኮንን የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ከሶፋ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሐይቅ ያሉት ደግሞ ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ ከስካርቦሮ፣ ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ፣ ከአንድ አሮጌ እርሻ ጋር አብሮ የተሸጠላቸው ኩሬ ነው። ኩሬውን የያዘው የድሮው ገበሬ የቆለለው የአፈር ግድብ ነበር። ርዝመቱ ሁለት አውቶቡስ ተከታትለው ቢቆሙ ይሆናል፤ ቁመቱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው። ከግድቡ ሥር፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ቦታ፣ አንዲት ነጭ የእንጨት ቤት አለች። በረንዳዋ ላይ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ተቀምጣ ዶሮዎቿን ትቆጣለች። ዶሪን ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር ናት።

«እንዴት ነው ግድቤ፣ ኢንጂነር? ጠንካራ ነው?» አሉኝ ጋሽ መኮንን። ከኋላቸው ለምርቃት የጋበዟቸው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመው አፍ አፌን ያያሉ።

አንድ ሰው ግድብ ሲመረምር ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አገር ቤት መሐንዲሶቹ ከእኔ ሜትር ተረክበው ይሄዱ ነበር፤ ሜትሩን ምን እንደሚሠሩበት ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ግድቡ አናት ላይ ወጥቼ በቀኝ እግሬ ሦስት ጊዜ ደበደብኩት። አፈር ቆንጥሬ አሸተትኩ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ፤ ዝም ያለ ሰው የሚያሰላ ይመስላል። ከዚያ «ይሄ ግድብ ሁላችንንም ቀብሮ የሚኖር ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ዶሪንም ጭብጨባውን ሰምታ ከበረንዳዋ ላይ እጇን አውለበለበችልን።

ግድቡን በሰላም ብንተወው ኖሮ ምናልባት እውነትም ቀብሮን ይኖር ነበር። ግን የእኛ ሰው የገዛውን ነገር ሳያሻሽል አያድርም። መጀመሪያ ዛፍ አማረን። ሁላችንም በልጅነታችን በዘመቻ ችግኝ ተክለናል፤ ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ብቸኛ ሳይንስ «ዛፍ አፈር ይይዛል» የሚለው ነው። ጋሽ መኮንን አስተያየቴን ሲጠይቁ «ሥር ማለት የአፈር ብረት ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ አባባሉ ግን ደስ አለኝ። በአንድ ቅዳሜ አርባ የአኻያ ችግኝ ግድቡ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር ተከልን። አኻያ የመረጥነው ቶሎ ስለሚያድግ ነው። ኮሎኔሉ መስመር አስያዘን፤ ዶክተሩ ውሃ አጠጣ። እኔ ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ አመራር ሰጠሁ።

ቀጥሎ ትርፍ ውሃ መውጫው መጣ። በግድቡ አንደኛው ጫፍ፣ ኩሬው ከልክ በላይ ሲሞላ ውሃው በጎን እንዲወጣ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ነበር። በዚያ ቦይ ቀንና ሌሊት ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ጋሽ መኮንን ያደጉት የሰፈር ቦኖ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ከጀሪካን ኋላ ተሰልፈው ነው። ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ ማየት ያማቸዋል።

«ይሄ ግፍ አይደለም?» አሉኝ። «እግዜር የሰጠንን እንዲህ እያፈሰስን? እዚያ አገር ሰው ይጠማል!»

እኛ ቦዩን ብንዘጋው እዚያ አገር ማን እንደሚጠጣ አልጠየቅኳቸውም። «በሳይንሱም ልክ ነዎት» አልኳቸው። ወፍራም ጣውላ ገዝተን ቦዩን ደፈንነው። ኩሬው ክንድ ያህል ከፍ አለ። ሰው ሁሉ «አሁን ሐይቅ መሰለ» አለ፤ በቪዲዮ ካሜራም ተቀረጸ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ፣ ከግድቡ እግር ሥር ውሃ ፈለቀ።

ያገኙት እትዬ አስካለ ናቸው። ጉልበታቸውን ለዓመታት ያማቸዋል። ከግድቡ ቁልቁል ሲወርዱ እግራቸው ረግረግ ነገር ውስጥ ገባ፤ ቢያዩት ከአኻያዎቹ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ኩልል እያለ ይወጣል። ጉልበታቸውን ታጠቡበት። በማግስቱ ደረጃ በሁለት በሁለት ወጡ። እውነቱን ለመናገር በዚያው ሳምንት ሐኪማቸው አዲስ መድኃኒት ጀምሮላቸው ነበር፤ ይህን ግን ያስታወሰ የለም። በሚቀጥለው እሁድ ከስካርቦሮ አሥራ አምስት መኪና ተሰልፎ መጣ። ሁሉም ባዶ የጁስ ጋሎን ይዟል።

የእትዬ አስካለ ንስሐ አባት ተጠሩ። ቄሱ ጥቂት የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ላይ ግድቡን አዩ፣ ወደ ታች ውሃውን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ መሐንዲስ ነህ ይሉኛል። ከላይ የተጠራቀመ ውሃ አለ፤ ከታች ደግሞ ይኸው ውሃ ወጣ። ይሄ ራሱን የቻለ ምንጭ ነው ወይስ የላዩ ነው የሚያፈሰው?»

ጥያቄው ይህን ያህል ቀላል ነበር። የስድስት ዓመት ሕፃን ይመልሰዋል። ስልሳ ሰው ጋሎኑን አቅፎ ያየኛል፤ እትዬ አስካለ በዳነው ጉልበታቸው ቆመው ያዩኛል። «ራሱን የቻለ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ አባቴ» አልኩ። እልል ተባለ። ቄሱ ግን «እኔ ጠበል ነው ብዬ ስም አላወጣለትም» ብለው ጸሎት አድርገው፣ ሳይቀምሱ ሄዱ። ከመሐላችን አስተዋይ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ «ውጭ አገር ኖረው እምነታቸው ላላ» ብለን አማናቸው።

ውሃው ለዚያ ሁሉ ጋሎን ስላልበቃ አሰፋነው። አዎ፣ አካፋ አምጥተን የግድቡን እግር ቆፈርን። ፈለጉን ተከትላችሁ ግቡ ያልኩት እኔ ነኝ። ክንድ ሙሉ ከሚያስገባ ጉድጓድ ስንደርስ ውሃው በደንብ ወጣልን፤ አፉን በድንጋይ ከብበን መስቀል አቆምንበት። እንግዲህ ከላይ ዛፍ፣ ከጎን ጣውላ፣ ከሥር ጉድጓድ። ጠላት ቢላክብን እንኳ ከዚህ የተሻለ አድርጎ አያበላሸውም ነበር።

አንድ እሁድ ዶሪን ዳገቱን እያለከለከች ወጥታ መጣች። አሮጊት ናት፤ ከጓሮዋ ርቃ ስትሄድ አይተናት አናውቅም።

«ምድር ቤቴ ውሃ ገባበት» አለች። «የድሮው ጎረቤቴ ግድቡ ላይ የበቀለውን ሁሉ በየዓመቱ ይቆርጠው ነበር። እናንተ ትተክላላችሁ። እንዲህ የምታደርጉት የሚያውቅ ሰው አይቶት ነው?»

ጋሽ መኮንን ጎኔን ገፋ አድርገው «ንገራት እንጂ፣ ኢንጂነር» አሉኝ። ከአማርኛው መሐል የሰማችው ያችን አንዷን ቃል ነው። ፊቷ በራ። «ኢንጂነር ነህ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«የስ» አልኩ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዎች ይሉኝ ነበር እንጂ እኔ በገዛ አፌ ብዬው አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ከግድብ ሥር ለምትተኛ አሮጊት ነው። «ተመስገን» አለች፤ «ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ዛሬ እተኛለሁ።» ደረቴን መታ መታ አድርጋኝ፣ አካሄዷን እያመዛዘነች ቁልቁል ወረደች። ተኝታም ይሆናል። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ሥራ ስጨርስ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ስለ ትናንሽ የአፈር ግድቦች የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ማድረግ የማይገባውን በየምዕራፉ ጽፎታል፤ እኛ ምዕራፍ ሳንዘል አድርገነዋል። የዛፍ ሥር በአፈሩ ውስጥ ለውሃ መንገድ ይከፍታል ይላል። የትርፍ ውሃ መውጫ ከተዘጋ በኃይለኛ ዝናብ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይሄድና ይበላዋል ይላል። ከግድቡ እግር ውሃ ሲወጣ ከታየ በአስቸኳይ ባለሙያ ጥሩ ይላል፤ ቆፍሩት፣ መስቀል አቁሙበት አይልም። በተለይ አንዱ ገጽ ላይ፣ የሚወጣውን ውሃ በመስታወት ቀድታችሁ አስቀምጡት ይላል። ጥርት ካለ ጊዜ አላችሁ። ከሥሩ አፈር ከዘቀጠ ግን ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየሸረሸረ ይዞት እየወጣ ነው፤ ጊዜ የላችሁም።

መጽሐፉን እንደያዝኩ እትዬ አስካለ ዘንድ ስካርቦሮ ሄድኩ። እሳቸው ከየእሁዱ የቀዱትን በየጠርሙሱ እያደረጉ፣ ዕለቱን በእስክሪብቶ እየጻፉ፣ መደርደሪያ ላይ በተራ አስቀምጠውታል። የመጀመሪያው እሁድ ጥርት ያለ ነው። የሁለተኛውም ደህና ነው። ከአምስተኛው ጀምሮ ከሥር ጭቃ ይዟል። የመጨረሻው ሻይ በወተት መስሏል፤ ከሥሩ ሁለት ጣት አፈር ተኝቷል።

«አየህ ልጄ፣ ኃይሉ እያደር ሲጨምር?» አሉኝ በደስታ። «ድሮ ቀጭን ነበር። አሁን ግን ወፈረ፣ ሆድ ይሞላል።»

ቁጭ አልኩ። ግድቡን በጋሎን በጋሎን ቀድተን ስካርቦሮ አግብተነዋል። ግማሹን ጠጥተነዋል። እኔም ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ እወስድ ነበር።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ዘነበ። በማግስቱ እሁድ የሰኔ ማርያም ስለነበረች ሰው ሁሉ ወደዚያው ተጠራርቷል። ቅዳሜን ሙሉ ጋሽ መኮንን ቤት ስደውል ዋልኩ፤ ለካ ድንኳን ሊተክሉ ቀደም ብለው እርሻው ሄደዋል። እሁድ ጠዋት መኪናዬን አስነሥቼ በረርኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። አንዴ «ትንሽ ስጋት አለኝ» እላለሁ፤ አንዴ «የቴክኒክ ችግር ተፈጥሯል» እላለሁ። እንደዚህ ብዬ ማዕረጌን ይዤ ብወጣ አልጠላሁም።

ስደርስ አርባ የሚሆን ሰው ጃንጥላ ይዞ ግድቡ አናት ላይ ቆሞ ይዘምራል። ኩሬው የሰዎቹን ጫማ ለመንካት አንድ ስንዝር ነው የቀረው። ከታች ጉድጓዱ ቡናማ ውሃ ይተፋል። የዶሪን መስኮት መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ውረዱ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ መሐንዲስ አይደለሁም! ውረዱ! ግድቡ ሊሄድ ነው!»

መዝሙሩ ቆመ። አንዱ «ትሕትናው!» አለ። ሌላው «ምነው ኢንጂነር፣ ሪላክስ አድርግ እንጂ» አለ።

«መሐንዲስ አይደለሁም እላችኋለሁ! ውሸት ነው! ሁሉም ውሸት ነው!»

እናንተ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ጠበል ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ «እኔ እኔ አይደለሁም» እያለ የሚጮህ ሰው ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባው።

«ጮኸ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ያዙት! ጠበሉን አልቻለውም!»

ኮሎኔሉ አንድ እጄን፣ ዳኛው ሌላውን ያዙኝ። ወደ ጉድጓዱ ወሰዱኝ። እትዬ አስካለ አንድ ጋሎን ሙሉ ግድብ አናቴ ላይ ገለበጡብኝ።

«ማን ነህ? ስምህን ተናገር!»

«ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ!» አልኩ ጭቃ እየተፋሁ። «አካፋ ነበር የማድለው!»

«የአካፋ ዛር ነው!» አለ ዶክተሩ። «እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። የት ያዝከው? በል ተናገር!»

«ዳንፎርዝ! ምግብ ቤት! በጉርሻ ገባሁ!»

ሰዉ ሁሉ በደስታ አበደ። መናፍስት በጉርሻ እንደሚገቡ ድሮም የሚያውቀው ነገር ነበርና። ሁለተኛው ጋሎን ወረደብኝ፣ ሦስተኛው ተከተለ። አንዱ በቪዲዮ ይቀርጸኛል፤ ካሴቱ ዛሬም ስካርቦሮ ውስጥ ከቤት ቤት ይዞራል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ብናገር፣ የተናገረው ሰይጣን ነው ተባለ። ሳልዋሽ የቀረሁባት ያቺ ደቂቃ ትቆጨኝ ጀመር።

ያዳኑኝ ለበዓሉ ጸሎት የተጠሩት ቄሱ ናቸው። ሰዉን በመስቀላቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ መጥተው፣ ገና ያልፈሰሰ ጋሎን ከእትዬ አስካለ እጅ ወስደው ወደ ብርሃን አነሡት። አፈሩ ቁልቁል ሲወርድ ለጥቂት ጊዜ አዩት።

«ሰይጣንም ከሆነ ዛሬ የተናገረው እውነት ነው» አሉ። «ሁላችሁም ከዚያ ላይ ውረዱ።»

አርባ ሰው በአንድ ትንፋሽ ወረደ። ወንዶቹ ሮጠን ጣውላውን በብረት መንቀል ጀመርን። ጋሽ መኮንን «ቀስ በሉ! ውሃው!» እያሉ ከኋላችን ይለምናሉ። ሦስተኛው ጣውላ ሲነሣ ውሃው በጎን ቦዩ እየጮኸ ወረደ። ያን ጊዜ እኔ ቁልቁል ወደ ነጩ ቤት መሮጥ ጀመርኩ።

ዶሪን በሩን የከፈተችው በቤት ልብሷ ነው። ከአናቴ እስከ እግሬ ጭቃ ነኝ።

«ዶሪን፣ አሁኑኑ ከቤት ይውጡ። ግድቡ ሊፈርስ ይችላል። እኔ ደግሞ ኢንጂነር አይደለሁም። መኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው።»

አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ አንተን አምኜ ተኝቻለሁ» አለች። ካፖርቷን ደረበች፣ የባሏን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረደች፣ ክንዴን ይዛ ወደ ዳገቱ ጎን ወጣች። ዶሮዎቿን ኮሎኔሉና ዳኛው እያሳደዱ ሰበሰቡላት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጎረቤት ስልክ ለመንግሥት ሰዎች ደወለች።

ግድቡ በዚያ ቀን አልፈረሰም። ከሰዓት በኋላ ጉድጓዳችን ያለበት ወገን ብቻ ተንዶ፣ መኪና የሚያክል አፈር ከነመስቀሉ ወርዶ የዶሪንን የዶሮ ቤት ቀበረው። ኩሬው በቦዩ ባይጎድል ኖሮ የቀረውም ይከተል ነበር አለች በማግስቱ ከመንግሥት የመጣችው ባለሙያ። ቦት ጫማ ያጠለቀች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ወጣት ሴት ናት። ዛፉን አየች፣ ጣውላውን አየች፣ ጉድጓዱን አየችና ጥቂት ጊዜ ማስታወሻ መጻፏን አቆመች።

«እንዲህ አድርጉ ብሎ የመከራችሁ ኢንጂነር ማን ነው?» አለች። «ምክንያቱም በዚህ አገር ፈቃድ ሳይኖረው ኢንጂነር ነኝ ያለ ሰው በሕግ ይጠየቃል።»

ለማየት የመጣው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «እንደዚህ ያለ ሰው አናውቅም» አለ። ለዓመታት በየሠርጉና በየለቅሶው ኢንጂነር ሲሉኝ የከረሙ ሰዎች በአንዲት ጥያቄ ሻሩኝ። እጄን አውጥቼ «እኔ ነኝ» አልኩ። ልጅቷ ጫማዬ ላይ የደረቀውን የትናንት ጭቃ አይታ ስሜን ጻፈች።

ግድቡ እንዲፈርስ ተወሰነ። ቁፋሮ ማሽኑ በመጣ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ኩሬው ቀደም ብሎ ተንፍሷል፤ የቀረው ጥቁር ጭቃ፣ ጥቂት የሞቱ ዓሦችና አንድ አሮጌ ጎማ ነው። ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ማሽኑ አኻያዎቹን እየነቀለ ሥራቸውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ሥሩ እውነትም ረጅም ነበር።

«ጋሽ መኮንን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት አታለልኩዎት።»

«ምን ታታልለኛለህ» አሉ ዓይናቸውን ከማሽኑ ሳያነሡ። «ሶፋ ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ከእናንተው መሥሪያ ቤት ነው የመጣው። አካፋ አዳይ እንደነበርክ ገና እርሻውን ሳልገዛ ነግሮኛል።»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ከዚያ ደሜ ፈላ። በስንት ዓመት ውሸቴ አፍሬ፣ በጠበል ተደብድቤ፣ ስሜ በመንግሥት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ለካ ያልተታለለ ሰው ነው ያታለልኩት።

«ታዲያ አውቀው ለምን እኔን ጠሩኝ? ስካርቦሮ ውስጥ እውነተኛ መሐንዲስ ጠፍቶ ነው?»

«ሞልቷል እንጂ» አሉ። «እውነተኛውን ብጠራው አፍርሰው ይለኛል። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ እንደማትለኝ አውቅ ነበር።»

«ከሥር ሴትዮ እንደምትተኛ አላዩም?» ብዬ ጮህኩባቸው። ሽማግሌ ላይ እንዲህ ጮሄ አላውቅም።

ጋሽ መኮንን ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ።

«አይቻለሁ» አሉ። «አንተስ?»

ቁፋሮው እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ወደ ነጩ ቤት አላየንም።